የወንጀል ተጎጂዎችንና ምስክሮችን መደገፍ፦ ለፖሊስ ቃል ከተሰጠበት ቀን እስከ ችሎት ቀን

የለገሃሬ ልጅ፦

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በሶሻል ወርክ ተመርቄ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። እስካሁን ሥራዬ አሳዳጊ ከሌላቸው ሕፃናት ጋር የተያያዘ ነበር፤ አሁን ግን ወንጀል የተፈጸመባቸውን ሰዎችና ለዐቃቤ ሕግ የሚመሰክሩትን ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤት አብሬ እየተከታተልሁ እንድደግፍ ተመድቤአለሁ። በሥራ መዘርዝሬ ላይ የሰፈረው «ለተጎጂዎችና ለምስክሮች ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ መስጠት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ በሥራው ያለፋችሁ ወይም በሌላ ወገን ቆማችሁ ያያችሁት ሰዎች እንድትመክሩኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። በከተማችን ሰው ይተዋወቃል፤ መጋላ የተፈጸመ ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳቢያን ይሰማል። ምስክሩና ተከሳሹ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ እናቶቻቸው በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ። ሰውየው ለፖሊስ ቃሉን ከሰጠበት ማግስት ጀምሮ የተከሳሽ ዘመድ ደጁን ይመላለሳል። ወራት አልፈው የምስክርነቱ ቀን ሲደርስ ምስክሩ ወይ «ወደ ጅቡቲ ሄዷል» ይባላል፣ ወይ ቀርቦ «አላስታውስም» ይላል። እንዲህ ሆነው የቀሩ መዝገቦችን አይቻለሁ፤ በእያንዳንዱ መዝገብ ጀርባ ያለውን ሰውም አውቀዋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ እኔ ለማን ነው የምሠራው፣ ለዐቃቤ ሕጉ ወይስ ለተጎጂዋ? ምስክሩ ችሎት ከመግባቱ በፊት «ምስክር አስጠናች» ሳልባል ምን ልነግረው እችላለሁ? ዛቻ ደርሶብኛል ሲለኝስ የማደርገው ምንድን ነው?

ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ፦

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ማንሣትዎ ብቻ ለሥራው የሚሆን ልብ እንዳለዎት ይነግረኛል። በቅደም ተከተል ባይሆንም ሁሉንም እመልሳለሁ።

ዐቃቤ ሕግ የሚከራከረው በመንግሥትና በሕዝብ ስም ነው። የግል ተበዳይዋ፣ ማለትም ጉዳቱ የደረሰባት ሰው፣ በወንጀል ክርክር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ምስክር ናት እንጂ ክሱን የምትመራው እሷ አይደለችም፤ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስቀጡት ወንጀሎች በቀር ክሱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው በእሷ ፈቃድ አይወሰንም። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡ እንዲጸና ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ በሰላም ወደ ቤቷ መግባት፣ ልጆቿን ማሳደግ፣ ገበያዋን መዋል ትፈልጋለች። ሁለቱ ፍላጎቶች ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ግን አይገጥሙም፤ በማይገጥሙበት ሰዓት የእርስዎ ቦታ ከእሷ ጎን ነው። ይህን ለዐቃቤ ሕጉ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይንገሩት። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ብሎ የነገረኝን ሰው ይበልጥ አምነው ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰው የሚደግፈው ምስክር ሳይደለልና ሳይገፋ ወድዶ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መዝገብ የሚሞተው በችሎት ውስጥ አይደለም። የሚሞተው እርስዎ እንዳሉት ለፖሊስ ቃል ከተሰጠበት ቀን እስከ ምስክርነቱ ቀን ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ ለዐቃቤ ሕግ ይልካል፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል፤ ክሱ ይነበባል፣ መቃወሚያ ይቀርባል፣ ቀጠሮ ይለወጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምስክሩን «ምን ላይ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የመንግሥት ሰው የለም፤ በየሳምንቱ የሚጠይቀው የተከሳሹ ወገን ነው። ያን ክፍተት መሙላት የእርስዎ ሥራ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለዎትም፤ የችሎቱ ቀን የዚህ ክትትል ፍሬ የሚታይበት ቀን ነው።

በዚህ መካከል ሁለት ሕጎችን በሚገባ ይያዙ። የመጀመሪያው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 67 መሠረት ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ተከሳሹ ቢለቀቅ በምስክሮች ላይ ጫና ሊያሳድር ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ ሲገመት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን በባዶ ስጋት አይከለክልም። ስለዚህ ዛቻ ሲደርስ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተናገረውን ሰው ማንነትና የተባለውን ቃል በቃል መዝግበው በዚያው ቀን ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ያድርሱ። በስልክ የመጣ ከሆነ መልእክቱ አይሰረዝ። ዋስትናው ከተፈቀደ በኋላ የደረሰ ዛቻም ቢሆን በወቅቱ ከቀረበ ዋጋ አለው፤ ከሦስት ወር በኋላ «እንዲህ ብለውኝ ነበር» ከተባለ ግን ማንም አይሰማዎትም።

ሁለተኛው የጠቋሚዎችና የወንጀል ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። በዚህ አዋጅ ለመጠቀም ወንጀሉ 10 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ሊያስቀጣ የሚችል መሆን አለበት፤ የምስክሩ ቃል በሌላ መንገድ የማይተካ መሆን አለበት፤ በምስክሩ ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ የሚያሰጋ መሆን አለበት። የጥበቃ ዓይነቶቹ ብዙ ናቸው፤ የመኖሪያ ቦታ መለወጥ፣ ማንነትን መደበቅ፣ ተከሳሹ ወደ ምስክሩ ቤት ወይም ሥራ ቦታ እንዳይቀርብ መከልከል፣ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ መመስከር ይገኙባቸዋል። እዚህ ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ከባድ የወንጀል ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ስለሆነ ጥያቄው የሚሄደው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው።

ነገር ግን በአዋጁ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ። ወደ እርስዎ የሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚፈራው ጥይት አይደለም። የተከራየበት ቤት ባለቤት የተከሳሹ አጎት ስለሆነ «ቤቴን ልቀቅ» እንዳይለው ነው የሚፈራው፤ ዱቤ የምትሰጣት ነጋዴ እንዳትከለክላት፣ በለቅሶ ቤት ፊት እንዳትነሣ ነው የምትፈራው። ለዚህ አዋጅ የለውም። ለዚህ ያለው እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ቤት መፈለግ፣ ከሌላ ነጋዴ ጋር ማገናኘት፣ የድርጅቱን አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ በወቅቱ መስጠት ከመጋረጃው ይልቅ ብዙ ምስክር ያድናል።

ስለ ማስጠናት፦ ችሎቱ እንዴት እንደሆነ መንገር ይቻላል፤ ምን እንደሚመሰክር መንገር ፈጽሞ አይቻልም። ዳኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ተከሳሹ የት እንደሚቆም፣ መሐላው እንዴት እንደሚፈጸም፣ በመጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ ዋና ጥያቄ ቀጥሎም የተከሳሽ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ እንደሚያቀርብ ያስረዱ። ያልገባው ጥያቄ እንዲደገምለት መጠየቅ እንደሚችል፣ የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ነውር እንዳልሆነ ይንገሩ። ከዚህ አልፈው «ጠበቃው እንዲህ ሲልህ እንዲህ በል» ካሉ መዝገቡንም ራስዎንም ያበላሻሉ። ደግሞም አንዱ ምስክር ሲመሰክር ችሎት ውስጥ ተቀምጠው ሰምተው ወጥተው በረንዳ ላይ ለሚጠብቀው ለሁለተኛው የተጠየቀውን እንዳይነግሩ፤ ምስክሮች ተለያይተው የሚሰሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሲስተር ከሳቢያን፦

አባታችን ያስረዱት በጣም ጠቅሞኛል፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ስላሉት ሰዓታት ልናገር። የአስገድዶ መድፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ሕፃን ወደ እርስዎ መጀመሪያ ከመጣች ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ሕክምና ይውሰዷት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም መዘግየት ኃይሉን ይቀንሰዋል። ሕክምናው ከፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ወረቀቱ ይደርሳል።

ገላዋን ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ብትመጣ ለምርመራው መልካም ነው። በዚህ በእኛ ሙቀት ግን ሴት ልጅ መጀመሪያ የምታደርገው መታጠብ ነውና ታጥባ ከመጣች «ለምን ታጠብሽ?» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። የለበሰችውን ልብስ በፌስታል አያሥሩት፤ በእርጥበት ይበላሻል። በወረቀት ከረጢት ይያዝ፣ ለፖሊስም በፊርማ ይሰጥ።

በድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ውስጥ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተቋቋመው ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩንና የምርመራውን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማቀራረብ ነው። ጥቅሙ ሴትዮዋ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትናገር ነው። በየቦታው ስትናገር በሕመምና በድንጋጤ ላይ ስለሆነች ሰዓቱን አንድ ጊዜ «ምሽት» ሌላ ጊዜ «ከመግሪብ በኋላ» ልትለው ትችላለች፤ ያች ትንሽ ልዩነት ከዓመት በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ትመጣባታለች። ስለዚህ እርስዎም ሳይቸግርዎት ዝርዝሩን አይጠይቋት። ለሥራዎ የሚያስፈልግዎት ዛሬ የት ታድራለች፣ ማን አብሯት አለ፣ መድኃኒቷን በልታለች ወይ የሚለው ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ 28 ቀን ነው የሚወሰደው፤ ያቅለሸልሻል፤ ብዙዎች በመካከል ያቆሙታል። በስልክ እየደወሉ መከታተል ለነፍሷ የሚደረግ ነገር ነው።

የለገሃሬ ልጅ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። አሁን የምከታተላት አንዲት ምስክር አሸዋ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የተከሳሹ እናት ከእሷ ብዙም በማይርቅ ቦታ ትነግዳለች። ማንም አልዛተባትም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን መጥተው «ልጁ ወጣት ነው፤ አንቺም እናት ነሽ፤ ነገሩን በዕርቅ እንጨርሰው፣ ካሳውን እንከፍላለን» ብለዋታል። እሷም ሽማግሌ መመለስ እንዳይሆንባት ተጨንቃለች። እኔም ሽማግሌዎቹን ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም፤ አክብሮት ይገባቸዋልና።

አባ ገንደ ቆሬ፦

ልጄ፣ እኔ በሰፈራችን በሽምግልና ያረጀሁ ሰው ነኝና የጻፍሽው በቀጥታ እኔን ይነካኛል። ዕርቅን አትናቂ። ሰው በተገደለበት ወይም አካሉ በጎደለበት ጊዜ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ይቀጣል እንጂ የሁለቱን ቤተሰብ ቂም አያወርድም፤ ወንድም ለወንድሙ ደም ዱላ ይዞ እንዳይወጣ የሚያደርገው ኦሮሞውም ሶማሌውም ሐረሪውም አማራውም በየባህሉ የያዘው ሽምግልና ነው። በዚህች ከተማ ብዙ ጎሣና ሃይማኖት በአንድ ግቢ እየኖረ ያለው በዚህ ጭምር ነው።

ነገር ግን ምስክርን «ያየሽውን አላየሁም በይ» ማለት ሽምግልና አይደለም። ያ ሐሰት ማስመስከር ነው፤ በሃይማኖትም በባህልም የተወገዘ ነው። የተደፈረች ሕፃን አባት ገንዘብ ተቀብሎ ዝም እንዲል ማግባባትም ሽምግልና አይደለም፤ ልጅቷ ሳትጠየቅ በእሷ ላይ የሚደረግ ስምምነት ነውና። ይህን በሽማግሌ ጉባኤ ላይ ተናግሬ የተቀየሙኝ አሉ፤ ዛሬም እናገራለሁ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አትሽሺያቸው፣ አትገሥጪያቸውም። ሂጂና በአክብሮት ሁለት ነገር ለምኛቸው። አንደኛ፣ ሴትዮዋ ቃሏን እስክትሰጥ ድረስ ስለ ምስክርነቷ አንዲት ቃል እንዳያነሡባት። ሁለተኛ፣ የተከሳሹን ቤተሰብ ሰብስበው ማንም ሰው በሷም በንግዷም ላይ እጁን እንዳያነሣ፣ በገበያም እንዳይሰድባት ቃል እንዲያስገቡ። በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል በሰፈር ውስጥ ከፖሊስ ቃል ይልቅ የሚከበርበት ጊዜ አለ። ዕርቁን ከፍርዱ በኋላ ቤተሰቦቹ ያድርጉት፤ ያኔ እኔም ቡናውን ጠጥቼ እመርቃለሁ።

ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ፦

የአባ ገንደ ቆሬን ቃል ሁሉም ሽማግሌ ቢሰማው ምንኛ ደስ ባለኝ። አንድ የሕግ ነጥብ ብቻ ልጨምር፦ በመንግሥት በሚከሰስ ወንጀል የዕርቅ ወረቀት ክሱን አያስቀርም። ተከሳሹ በእውነት ተጸጽቶ ጉዳቱን ከካሰ ግን ይህ ቅጣት ሲወሰን በማቅለያነት ሊታይለት ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ «ምስክሯ ካልቀረች ልጃችን አይተርፍም» ብሎ ሲያስብ፣ እውነቱን አምኖ መካስ የሚጠቅመው ራሱን ተከሳሹን መሆኑን ሽማግሌው ቢያስረዳቸው ጫናው ከምስክሯ ላይ ይነሣል።

ለምስክሯም ሊነገራት የሚገባ ነገር አለ፤ ማስፈራሪያ እንዳይመስል ሆኖ ይነገራት። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ምስክር በፖሊስ ተይዞ እንዲቀርብ ሊታዘዝበት ይችላል፤ በፍርድ ቤት ፊት ሐሰት መመስከርም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ያስቀጣል። ሽማግሌዎቹ «ቅሪ» ወይም «አላየሁም በይ» ሲሏት ዕዳው የሚወድቀው በእሷ ላይ መሆኑን አብረዋት ለሚመክሩት ሁሉ ግልጽ መሆን አለበት።

ጠበቃ ከሐረር፦

እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምቆመው ለተከሳሾች ነው፤ ስለዚህ የተጻፈውን ከሌላ ወገን ሆኜ አንብቤዋለሁ። ለእህታችን ሥራ አክብሮት አለኝ፤ በርካታ ተከሳሾችም ራሳቸው ቀድሞ ተጎጂዎች ነበሩና ይህ ሥራ ለእኛም ደንበኞች የሚጠቅም ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ላሳስብ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር፣ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና የመሰከሩበትን ሰዎች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የመስቀለኛ ጥያቄ ምስክሯን ለማዋረድ የተፈጠረ አይደለም፤ ምስክሩ የተሳሳተበትን፣ ያልተረዳውን ወይም ያልተናገረውን ለማውጣት ነው። ለምስክሯ «ጠበቃው ጠላትሽ ነው» ብላችሁ ካስገባችኋት ለቀላሉ ጥያቄ እንኳ በቁጣ ትመልሳለች፣ ዳኛውም ቃሏን ይጠራጠራል። ጠበቃው ሥራውን እየሠራ ነው ብላችሁ ብታስረዷት ተረጋግታ እውነቷን ትናገራለች። ከመስመር ያለፈና ክብሯን የሚነካ ጥያቄ ሲመጣ ዐቃቤ ሕጉ ይቃወማል፣ ዳኛውም ያስቆማል።

የምስክርን ማንነት መደበቅን በተመለከተ፣ ማን እንደመሰከረበት የማያውቅ ተከሳሽ ምስክሩ ቂም ያለው ሰው ይሁን አይሁን ሊጠይቅ አይችልም። አደጋው እውነተኛ በሆነበት ጉዳይ መጋረጃውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ጥበቃው ለሥራ ማቅለያ ተብሎ በየመዝገቡ ሲጠየቅ ከልብ እቃወማለሁ። ድጋፍ ሰጪዋ ስጋቱን በጥንቃቄ መዝግባ የምታቀርብ ከሆነ እውነተኛው ስጋት ከምናባዊው ይለያል፤ ይህ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ሦስተኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ የምታገኙት የሐረሪ ሕዝብ ክልላዊ መንግሥት ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ነው፤ ድሬዳዋ ግን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ መሥሪያ ቤቶቹ ሌሎች ናቸው። ወንጀሉ ሐረር ጀጎል ውስጥ ተፈጽሞ ምስክሩ ድሬዳዋ ሲኖር፣ መጥሪያው በመካከል ሲዘገይና ሲጠፋ አይቻለሁ። ድጋፍ ሰጪዋ በሁለቱም ከተማ የምታውቀው ሬጅስትራር፣ ማለትም የፍርድ ቤቱን መዝገብና ቀጠሮ የሚይዝ ሠራተኛ፣ ቢኖራት ብዙ ቀጠሮ ይድናል። አቅም የሌላቸው ሰዎች የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ከሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍም መጠየቅ ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ምክር ይሰጣል።

እናት ከአዲስ ከተማ፦

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ልጄ በሰፈራችን የተፈጸመ ነገር አይታ መስክራለች፤ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለ ጉዳዩ ዝርዝር አልጽፍም። እህታችን ሥራውን ልትጀምር ስለሆነ ለእኛ ምን እንደጠቀመን ብቻ ልንገራት።

አንዲት ሴት፣ እንደ እርስዎ ያለች፣ ከምስክርነቱ ቀን በፊት ልጄን ባዶ ችሎት ወስዳ አሳየቻት። ልጄ ወንበሩን ቆጠረች፤ የት እንደምትቆም፣ እኔ የት እንደምቀመጥ አየች። ከዚያ በኋላ ሌሊት መጮኋን ተወች። በቀኑ ደግሞ ያች ሴት በሌላ በር አስገባችን፤ በረንዳው ላይ ከተከሳሹ ቤተሰብ ጋር ፊት ለፊት እንዳንቀመጥ ከችሎት አስከባሪው ጋር ተነጋግራ የምንጠብቅበት ክፍል አስገኘችልን። ቀጠሮው በዚያ ቀን ሳይሰማ ቀረ፤ ልጄ አለቀሰች። እሷም አብራን ወጥታ ለምን እንደተቀጠረና መቼ እንደሚሆን በእርጋታ አስረዳችን፣ ለሁለተኛውም ቀን አብራን መጣች። ከዐቃቤ ሕጉም ከፖሊሱም ይልቅ ያስታወስናት እሷን ነው። ልጄ የተጠየቀችው ጥቂት ጥያቄ ነበር፤ የጠበቅነው ግን ለረጅም ሰዓት ነበር፤ ስለዚህ ልጅ የምትደግፉ ሰዎች ምግብና ውኃ፣ መጽሐፍም ይዛችሁ ሂዱ።

አስተርጓሚ፦

በችሎት የማስተረጉም ሰው ነኝ። ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከወሂል ወይም ከጀልዴሳ፣ የምትመጣ እናት አማርኛ ላታውቅ ትችላለች፤ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው የምትናገረው። ፖሊስ ጣቢያ በተገኘው ሰው፣ አንዳንዴም በዘመድ ያስተረጉሙላታል። ዘመድ ሲያስተረጉም የሚያሳፍረውን ቃል ይዘለዋል፤ ስለ ሰውነት ክፍል የተነገረው «ነካኝ» ተብሎ ይቀራል፣ ክሱም በዚያ ይወሰናል። የተከሳሹ ጎሣ አባል ሲያስተረጉም ደግሞ እናቲቱ መናገር ትተዋለች። ድጋፍ ሰጪዋ ገና በመጀመሪያው ቀን በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደምትፈልግ፣ ሴት አስተርጓሚ ትሻ እንደሆነ፣ ማን እንዳያስተረጉምላት እንደምትፈልግ ጠይቃ ለመርማሪው ብታሳውቅ ሥራችን ሁሉ ይቃናል።

በሥራው የቆየች፦

እዚሁ ምሥራቅ ውስጥ በዚህ ሥራ ስለቆየሁ የቀረውን ልጨምር።

ከሁሉ በፊት ለተጎጂዋ የማይሆን ተስፋ አትስጫት። «ይታሠራል»፣ «ማንም አይነካሽም» አትበያት። የምትይው በእጅሽ ያለውን ብቻ ይሁን፦ «በቀጠሮው ቀን ጠዋት አብሬሽ እሆናለሁ»፣ «ስልኬ ክፍት ነው»። ያልሽውንም ፈጽሚ። አንድ ቀን ከቀረሽ የገነባሽው ይፈርሳል። የምትነግርሽ ነገርም በፍርድ ቤት ልትጠየቂበት የምትችዪ መሆንሽን አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ከዚያ በኋላ የምትነግርሽን እሷ ትምረጥ። በማስታወሻሽ ላይ የወንጀሉን ታሪክ አትጻፊ፤ የተደረገላትን ድጋፍ፣ የደረሰባትን ዛቻ፣ ቀጠሮዎቿን ብቻ ጻፊ።

የቀጠሮ መዝገብ ይኑርሽ፤ በችሎት ቁጥር፣ በመዝገብ ቁጥር፣ በምስክሩ ስም ምሕፃር የተደራጀ ይሁን። ከቀጠሮው ሳምንት በፊት ሬጅስትራር ሄደሽ ቀኑ አለመለወጡን አረጋግጪ፤ ምስክሯን ከጀልዴሳ በከንቱ ከማስመጣት ያድንሻል። የትራንስፖርት ገንዘብ አስቀድሞ ይሰጣት። ለምስክሮች የሚከፈል አበል በሕግ ቢኖርም ከምስክርነቱ በኋላ የሚደርስ ከሆነ የጠዋቱን የባጃጅና የአውቶቡስ ሒሳብ ማን ይከፍላል? ሰዎች «ምስክሩ ፈርቶ ቀረ» ሲሉ፣ ሰውየው የቀን ሥራውን ትቶ የሚመጣበት ገንዘብ አጥቶ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ በጣም ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ጉዳይ ሲጥል ማየት።

ስለ ራስሽም አስቢ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ቤት መሄድ ይከብዳል። በድርጅትሽ ውስጥ ሥራሽን የምታወያዪው ሰው ይመደብልሽ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ብቻሽን አትሸከሚው።

የለገሃሬ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ወደ ሽማግሌዎቹ በአባ ገንደ ቆሬ ምክር እሄዳለሁ፤ ከዚያም ከሬጅስትራሩ ጋር እተዋወቃለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ የግል ተበዳይዋ የደረሰባትን ጉዳት ካሳ በዚያው በወንጀል ክሱ ላይ መጠየቅ ትችላለች ወይ? ለሕክምና ብዙ ወጪ አውጥታለች።

ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ፦

ትችላለች፤ ብዙዎች ግን አያውቁትም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ጉዳት የደረሰበት ሰው ወይም ወኪሉ ክሱ መሰማት ሲጀምር የካሳውን ዓይነትና መጠን ገልጾ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። የዳኝነት ገንዘብ እንደ ፍትሐ ብሔር ክስ ይከፈላል፤ መክፈል ካልቻለች በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይፈቀድልኝ ብላ ማመልከት ትችላለች። ፍርድ ቤቱ የካሳው ጉዳይ የወንጀሉን ክርክር ያወሳስበዋል ወይም ያዘገየዋል ካለ ላይቀበለው ይችላል፤ ተከሳሹ በነፃ ከተሰናበተም ካሳው በዚያ መዝገብ አይወሰንም። በሁለቱም ሁኔታ በፍትሐ ብሔር ክስ የመጠየቅ መብቷ አይጠፋም። ስለዚህ የሕክምና ደረሰኞቿን፣ የመድኃኒት ማዘዣዎቿንና የሥራ ገቢዋን የሚያሳይ ወረቀት ከዛሬ ጀምራ በአንድ ፖስታ ታስቀምጥ፤ ቅጂውም በእርስዎ ዘንድ ይሁን። ክሱ ገና ካልተነበበ ነገ ከሬጅስትራሩ ዘንድ ስትሄዱ የመጀመሪያውን የመሰማት ቀን ጠይቁ፤ ማመልከቻው ከዚያ ቀን ማለፍ የለበትም።